የሰንበቴው ሙክትና የቃሲም ጥፍር

ግንቦት 24፣ እሁድ፣ ከሚሴ

ደረስን፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ፣ ባለቤቴ ቃሲምና መንገድ ላይ ሰንበቴ ከተማ ገዝተን ከመኪናው ኋላ የጫንነው ሙክት።

ቃሲም የከሚሴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ሽንኩርት ሲገዛ ዋጋ መጠየቅ የሚያፍር ሰውዬ፣ ሰንበቴ ከብት ገበያ ሲገባ ሌላ ፍጡር ይሆናል። የበጉን ወገብ ጨበጠ፤ ጥርሱን ገልጦ አየ፤ ላቱን በመዳፉ መዘነ። ሻጩ ከቆላ የመጣ ረጅም አፋር ነው። ቃሲም እየተወው ሄደ፣ እየተጠራ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። በመጨረሻ ስምምነት ላይ ሲደርሱ ቀኝ ጎኑን በእጁ ደግፎ ቆመ። ፊቱ በላብ ርሷል።

«ምን ሆንክ?»

«ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀቱ አይደለም፣ ዋጋው ነው የወጋህ!» አልኩት። ሻጩ ሳይቀር ሳቀ። ለመጽሔቱ ዓምዴ ትሆነኛለች ብዬ እዚያው ስልኬ ላይ መዘገብኳት። አንባቢዎቼ ቃሲም ላይ መሳቅ ይወዳሉ።

ሙክቱ ከደብረ ብርሃን የገዛነውን ዳቦ ከነላስቲኩ ሊበላው ነበር። ላቱ ትራስ ያክላል።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

አማቴ እማ ዓዲላ እሁድ መጀመሪያ የሳሙት ልጃቸውን፣ ቀጥሎ ያደነቁት ሙክቱን ነው። እኔ ሦስተኛ ወጣሁ። ካቻምና ከሻንጣው ቀጥሎ ስለነበርኩ እድገት ነው።

ቃሲም ጺሙ አድጎ የገጠር ቃዲ መስሏል። ለዒድ ኡዱሒያ፣ የመሥዋዕቱን በግ፣ ለማረድ በልቡ የነየተ ሰው፣ የሐጅ ወር ከገባ ጀምሮ እስኪያርድ ድረስ ጠጉሩንም ጥፍሩንም አይቆርጥም። ስለዚህ ጥፍሩም አድጓል። ትናንት ማታ ጀርባዬን ሲያክልኝ ግሩም ነበር። ይህኛው ለመጽሔት አይሆንም።

«ጥፍሩን ተይው፣ ሳህኑን እዪ» አሉኝ እማ ዓዲላ። «ልጄ ዳር ዳሩን ነው የሚነካካው።»

«የመንገድ ድካም ነው፣ እማ።»

የትኛዋ አማት ናት ልጇ የከሳ የማይመስላት! የእኔ ቃሲም እኮ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ያስበሳ ሰው ነው።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

የዓረፋ ጾም። ሁላችንም ጾመናል። ሙቀቱ አይጣል ነው። ቃሲም ከዙህር ሰላት በኋላ ተኛ። ተጠቅልሎ። «ጾም ነው» ይላል።

ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ እየጠበስን ነው። በኋላ እጽፋለሁ።

ግንቦት 29፣ አርብ፣ ዒድ

በኋላ ያልኩት ይኸው ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነ።

ቃሲም ማታ በቴምር አፈጠረ፣ ቴምሯ ተመለሰች። ውሃም ተመለሰ። ከዚያ እንደ ሕፃን ጉልበቱን ሆዱ ላይ አጣብቆ ወለሉ ላይ ተኛ። በባጃጅ ይዘነው በረርን። በየጉድጓዱ «ያ ረቢ» ይላል፤ ባለ ባጃጁም አብሮት «ያ ረቢ» ይላል።

ዶክተር ሰልማ የምትባል ወጣት ሐኪም ሆዱን ጫን አድርጋ ድንገት ስትለቀው ጣሪያ ነክቶ የተመለሰ መሰለኝ። «ትርፍ አንጀት ነው። ቀዶ ጥገናው አሁን ነው፣ አይቆይም» አለች። እኔ ፎርሙን ፈረምኩ። ሲስተሯ የሆዱን ጠጉር ልትላጭ ምላጭ ይዛ ስትመጣ ግን ሰውየው ሸሚዙን በሁለት እጁ ጨመደደ።

«አልላጭም።»

«ምን?»

«ነይቻለሁ። በጌ ሳይታረድ አንድ ጠጉር ከእኔ ላይ አይነሳም። ነገ ከሰላት በኋላ ይታረድ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ላጩኝ።»

ዶክተር ሰልማ ወደ እኔ ዞረች። «እስከ ነገ ሊፈነዳ ይችላል።»

ቃሲም መርፌ የያዘ ሰው ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሰው ነው። ጠጉሩ ሰበብ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ባል በሰው ፊት አይዋረድም፤ የሚዋረደው መጽሔት ላይ ነው። ለእማ ዓዲላ ደወልኩ። እሳቸው ጎረቤታቸው ሸህ አብዱልጀባር ዘንድ ስልኩን ይዘው ሮጡ። ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ቃሲም!» አሉ ሸሁ።

«ለበይክ፣ ሸሃችን።»

«አላህ የሆድህን ጠጉር ቆጥሮ የሚያስቀምጥ መሰለህ? ለሕመም የተፈቀደ ነው። ተላጭ!»

ሲስተሯ ምላጯን አነሳች። ቃሲም ሸሚዙን አልለቀቀም። ድምፁ ግን አነሰ። «ካልነቃሁስ፣ ሸሃችን? ማን ያርድልኛል?»



«ወክል እንጂ!» አሉ ሸሁ። «ማንን ትወክላለህ?»

የአጎቱን ልጆች ይጠራል ብዬ ስጠብቅ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «ፊርደውስን።»

«እኔ? እኔ ቢላዋ ይዤ የማውቀው የልደት ኬክ ላይ ነው!»

«ወኪል በሌላ ሰው ማሳረድ ይችላል» አሉ ሸሁ። «ቆመሽ ከፈቀድሽ እኔ አርዳለሁ።»

«አንቺ ሳትቆሚ እንዳይታረድ» አለኝ ቃሲም። እጁን ከሸሚዙ አንስቶ እኔን ያዘኝ። ጥፍሩ ወጋኝ።

«እሺ ጌታው። ብቻ አሁን ልቀቀኝ፣ ሸሚዝ አይደለሁም።»

ከቀዶ ጥገና ክፍሉ ሲወጣ ከመስጊዶቹ ተክቢራው እየተሰማ ነበር። «ፈንድቶ ነው ያገኘነው» አለች ዶክተር ሰልማ። «አጥበነዋል። ቀጣዮቹን ቀናት እናያለን።» «እናያለን» የሚለውን ቃል ከሐኪም አፍ ሲወጣ አልወደውም።

እሁድ ሰንበቴ ላይ ሳቅሁ። ጎኑን ይዞ ነበር።

እማ ዓዲላ ደወሉ፤ ሰላት የወጣው ሰው ተመልሷል፣ ሸሁ ቢላዋውን ስለዋል፣ መቼ ነው የምትመጪው? እኔ ከሄድኩ ግሉኮሱን ማን ያይለታል? ነገ እመጣለሁ አልኩ።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

ቃሲም ነቅቷል፣ ይተኛል፣ ይነቃል። ውሃ ይለምናል፣ ከንፈሩን በጥጥ ማርጠብ ብቻ ነው የተፈቀደው።

ከሚሴ ላይ ሰው ከታመመ ዘመዱ ማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ ሁሉም ነው። ከጨፋ ሮቢት በአይሱዙ ተጭነው የመጡ አሉ። በአልጋው ስር የጁስ ካርቶን ተደርድሮ ሱቅ ከፍተናል። «አካም ቡልቴ? ፈያዻ?» ይሉታል፤ እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ ማለታቸው ነው። እሱም ዓይኑን ሳይገልጥ «ፈያዻ» ይላል። ደህና ሳይሆን ደህና ነኝ ማለትን ያስተማሩት እነዚህ ናቸው ማለት ነው።

ዙቤይዳ የምትባለው የእማ ዓዲላ ጎረቤት ሙዝ ይዛ ገባች። ካየችኝ በኋላ ጮክ ብላ «አንቺ ነሽ ባሏን መጽሔት ላይ የምታሚው!» አለች። ክፍሉ ሙሉ ዞረ። አንደኛው በሽተኛ ከነግሉኮሱ ቀና አለ።

ለካ ቃሲም የወጣውን መጽሔት ሁሉ ለእናቱ ይልካል። እማ ዓዲላ ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ ዙቤይዳ ለሰፈሩ ሴቶች ጮክ ብላ ታነባለች።

«ሁሉንም?» አልኳት።

«ስለ ማንኮራፋቱ ያለውን ሁለቴ አስነብበውኛል።»

«ስለ... ስለ አማቶች የጻፍኩትንስ?»

ዙቤይዳ ሙዝ ላጠች። «እሱን ሦስቴ።»

ያ ሳታር!

እማ ዓዲላ እንደገና ደወሉ። ሙክቱስ? ሰው በዝቶ እንዴት ልውጣ አልኳቸው። እንግዳ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ነውር አይደለም?

ሰኔ 1፣ እሁድ

ትኩሳት። ከሱብሒ ሰላት ጀምሮ። መድኃኒቱን ቀየሩት።

አፍናን ከመጽሔቱ ደወለች። «የበዓል ጉዞ ቀልድ የሆነ ነገር ላኪልኝ፣ ገጹ ባዶ ነው» አለች። እሺ አልኩ። ምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም።

ቃሲም አያወራም። አንድ ጊዜ «ሙክቱ» አለ። «አለ፣ እየጠበቀህ ነው» አልኩት። እውነቴን ነው፣ አለ። የእማ ዓዲላን ጎመን ጨርሶ ወደ ቃሪያው ተሻግሯል አሉ። ይብላ።

እማ ዓዲላ ዛሬም «አትመጪም?» አሉ። ባጃጅ የለም አልኩ። በመስኮቱ ባጃጆች ይታዩኛል። በር ላይ ተሰልፈዋል።

ሌላ ነገር የለም። እጁን ይዣለሁ። ጥፍሩ ከሐሙስ ወዲህም አድጓል። አየሁት። በደንብ አድጓል።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ዛሬን በቅደም ተከተል ልጽፈው እፈልጋለሁ።

ጠዋት ዶክተር ሰልማ ትኩሳቱን አይታ «ትንሽ ወርዷል፣ ገና ነው» አለች። ከምሳ በኋላ ሸህ አብዱልጀባር ራሳቸው ደወሉ። «ልጄ፣ የኡዱሒያው ጊዜ ዛሬ ጀንበር ስትገባ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ሙክቱ በግ ብቻ ነው። አደራውን የሰጠሽ እሱ ነው።»

«እመጣለሁ፣ ሸሃችን።»

አልተነሳሁም። የአልጋውን አንሶላ አስተካከልኩ። ፔርሙዙን አጠብኩ። የታጠበውን ፔርሙዝ እንደገና አጠብኩ።

በዓስር ሰላት ሰዓት እማ ዓዲላ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ገቡ። የልጃቸውን ግንባር በመዳፋቸው ነኩ፤ «ጀባዹ፣ ያ ኢልማ ኮ» አሉት፤ በርታ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ ወደ እኔ።

«ዛሬስ ሰበብሽ ምንድን ነው?»

«ዶክተሯ ትመጣለች፣ እሷን ሳላገኝ...»

«በር ላይ አገኘኋት፣ ወደ ቤቷ እየሄደች ነው።»

«ዝናብ ይመጣል መሰለኝ።»

በመስኮቱ ሰማዩን አዩ። አንዲት ደመና የለችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ፊርዱ፣ ሙክቱ እስካልታረደ ልጄ የትም አይሄድም ብለሽ ነው?»

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም።

«እኔም እንደዚያው ነኝ» አሉ። «አርብ ለት ሸሁ ቢላዋ ስለው ሲመጡ 'ምራቴ ካልመጣች አይሆንም' ብዬ በር የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ። ስደውልልሽ ነይ ነይ እላለሁ፣ ሆዴ ግን ቅሪ ይላል። ቃሪያዬን ሲያጭድ ዱላ አላነሳሁበትም። ብቻ ይቁምልኝ ብዬ።»

እኔና አማቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማምተን ኖሯል፣ ሳንነጋገር።

«አሁን ግን ይበቃል» አሉ። «አላህን በበግ ገመድ አይዙትም። ያለውን የሚያውቀው እሱ ነው። ሂጂ፣ ቦታሽን እኔ እይዛለሁ። እናቱ ነኝ እኮ፣ መጽሔትሽ ላይ እንዳልሽው ከልጄ አልለይም።»

ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ጫማዬን አየሁት፤ አንዱ የእኔ ነው፣ አንዱ የአልጋ ጎረቤታችን።

ግቢው ውስጥ ሙክቱ አፉ በቃሪያ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። ሸሁ ቢላዋውን ከኋላቸው ደብቀዋል፣ በጉ እንዳያይ። ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቧል። ዙቤይዳ ሳፋ ይዛ ትጠብቃለች። ጀንበር ከተራራው ላይ ትንሽ ቀርቷታል። በጉን ወደ ቂብላ አስተኙት። ሸሁ ቀና ብለው አዩኝ። «እዘዢ።»

አፌ አልከፈት አለ።

በዚያች ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ስሙን አየሁ፤ እማ ዓዲላ። ከልጃቸው አልጋ ጫፍ ላይ ሆነው የሚደውሉት ለምንድን ነው?  ዙቤይዳ ሳፋውን ጥላ ያዘችኝ። «አንሺው» አለች።  ስልኩ ይጮኻል።

አላነሳሁትም። ካነሳሁት በኋላ አፌ እንደማይከፈት አወቅሁ። አደራ ነው።

«ከቃሲም ነው» አልኩ። «ይታረድ።»

«ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር!»

ከዚያ አነሳሁት።

«ታረደ?» አለ። ድምፁ እንደ ተቀደደ ወረቀት ነው፣ ግን የእሱ ነው። ከኋላው እማ ዓዲላ «አትናገር ተብለሃል!» ይላሉ።

«ታረደ።»

«ቆመሻል?»

«ዙቤይዳ ይዛኝ ቆሜያለሁ።»

«ላቱን ለማንም እንዳትሰጡብኝ» አለ፣ ስልኩንም ለእናቱ ሰጠ።

ሆስፒታል ስመለስ የቃሲም ትኩሳት ወርዶ ሰውነቱ ቀዝቀዝ ብሏል። እማ ዓዲላ ከቦርሳቸው ጥፍር መቁረጫ አውጥተው ሰጡኝና ለመግሪብ ሰላት ወጡ። ከአውራ ጣቱ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ። እሱ ተኝቷል። እኔ ምንም አልሆንኩም፣ መነጽሬ ብቻ ነው ጉም የያዘው።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ሆዱ ላይ የተተከለው ቱቦ ወጣ! ሾርባ ጠጣ! ዶክተር ሰልማ «እናያለን» ማለት ትታ «ጥሩ ነው» ማለት ጀምራለች። ሥጋው ለድሃ፣ ለጎረቤት፣ ለዘመድ ተከፋፍሏል። የሆስፒታሉ ጥበቃም ደርሶታል፤ አሁን ስገባ መታወቂያ አይጠይቀኝም።

ለአልጋ ጎረቤታችን ጫማውን መልሼለታለሁ። «ቀለሙን ለምጄው ነበር» አለ፣ የእኔን ጫማ በትዝታ እያየ።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

እማ ዓዲላ ቤት። ቃሲም ከሆስፒታል ወጥቶ መስኮት ስር ተኝቷል። ዱዓ አድራጊ ሴቶች መጥተው ግቢውን ሞልተው ዱዓ አደረጉ፤ «አሚን» ሲሉ ቆርቆሮው ይነዝራል። ቃሲም በተላጨ ሆዱ ያፍራል፤ አንደኛዋ «እስቲ ስፌቱን አሳየን» ብላው ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ሳበ።

ዙቤይዳ በሰፈሩ የምታወራው ሌላ ነው። በእሷ ወሬ ስልኩን ከማንሳቴ በፊት በጉን በገዛ እጄ አርጃለሁ። አላስተባበልኩም። እኔ ስለ ሰው ስንት አጋንኜ ጽፌ የለ!

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ለአፍናን ጽሑፉን ላክሁላት። በሰንበቴው ሳቅ ልጀምረው ነበር፤ ሰረዝኩት። ለቃሲም አነበብኩለት።

«የት ሄደ ያ 'ዋጋው ነው የወጋህ' ያልሽው?»

«ደስ አላለኝም።»

«እሱ ነው የሚያስቀው። መልሺው። እኔ እንኳ ያኔ ስቄ ነበር፣ በውስጤ። እየወጋኝ።»

መለስኩት።

እማ ዓዲላ በጎመኑ መደብ ላይ አዲስ ችግኝ ተክለዋል። የሙክቱን ቆዳ አልፍተው ለቃሲም አጎዛ አድርገውለታል። ለእኔም ስጦታ አለ፤ የጥፍር መቁረጫው።

ሰኔ 22፣ እሁድ

ወደ አዲስ አበባ። የምነዳው እኔ ነኝ። ቃሲም ጎኔ አጎዛው ላይ ተቀምጦ እግሩ ስር የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ሙክቱ ሲመጣ ከኋላ ነበር፣ ሲመለስ ከፊት ተቀመጠ።

ሰንበቴ ስንደርስ ገበያው መንገዱ ላይ ፈሷል፤ ግመል፣ ፍየል፣ ሰው። እኔ እማ ዓዲላ ስንሰናበት ያሉኝን እነግረዋለሁ፤ «የሚቀጥለው ጊዜ ስለ አማት ስትጽፊ ደውለሽ ጠይቂኝ፣ የቀረሽ አለ» ነው ያሉኝ። ወደ እሱ ስዞር ቃሲም ቀኝ ጎኑን በሁለት እጁ ይዟል። ጎንበስ ብሏል። ፊቱ ቀልቷል።

ፍሬኑን እንዴት እንደረገጥኩት አላውቅም። መሀል መንገድ ላይ ቆምኩ። ከኋላ ጥሩንባው፣ ከፊት ግመሉ።

«ቃሲም! ቃሲም! የት ነው? የቱ ጋ ነው? እንመለስ?»

«ሳቅ...» አለ።

«ምን?»

«ሳቅ ነው... ስፌቱን ያዘኝ... አታስቂኝ በአላህ...»

መሪው ላይ ግንባሬን አስደገፍኩ። እሱ እየሳቀ «ወይኔ» ይላል፣ «ወይኔ» እያለ ይስቃል። እኔ ከመሪው አልነሳ አልኩ። ከዚያ ትከሻዬን ነካኝና እንደገና ያደገውን ጥፍሩን አሳየኝ፤ የምቆርጥለት እኔ ነኝ፣ ሳምንት ሙሉ ትቼው ነበር።

የግመሉ ባለቤት በዱላው ጫፍ መስኮቱን አንኳኳ። ጎንበስ ብሎ ሁለታችንንም አየን፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዷ ታለቅሳለች።

«ግመል ትገዣለሽ» አለኝ፣ «ወይስ መንገድ ትለቂያለሽ?»

ቃሲም ጎኑን እንደያዘ ቀና አለ። «ስንት ነው?»

ሳይመልስለት ነዳሁ።